አንድ ክዳን ለአንድ ባልዲ

ጥቅምት 4

በቅድሚያ ለተከበሩት እናታችን፤ ቀጥሎ ለድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ለእኅቴ፤ ከዚያም ሁላችሁም «ሻለቃ» ለምትሏት ለሠራተኞች አለቃ፤ ከእርሷም ቀጥሎ እንደየአገልግሎት ዘመናችሁ፣ ባለፈው ወር እስከተቀጠረችው ድረስ ለአሥራ አንዳችሁም፤ የአክብሮት ሰላምታዬ ይድረሳችሁ።

እንዲህ በማዕረግ ተራ የምጀምረው ደብዳቤዬ ዕቃ ክፍል ውስጥ፣ በባልዲና በመወልወያ መካከል ጮክ ተብሎ እንደሚነበብ ስለማውቅ ነው። ጆሮዬ ከስልክ ጋር ከተጣላ ወዲህ በወረቀት መነጋገራችንን፣ አንቺም ለሁሉም ማንበብሽን ወድጄዋለሁ። በሥራ ዘመኔ የጻፍኳቸው ደብዳቤዎች እንዲህ ያለ አድማጭ ቢያገኙ ኖሮ ብዙ ነገር በተስተካከለ ነበር። ስለ ጤንነቴ ለጠየቃችሁኝ፣ ደኅና ነኝ። ጡረታ ሰውን ያሳርፋል ያሉኝ ሰዎች ገና ጡረታ ያልወጡ ነበሩ።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ከጽዳቱ ጎን ሌላ የገቢ ምንጭ ለመክፈት አስበሽ ሦስት ሐሳብ አቅርበሻል፤ መጋረጃና ምንጣፍ ማጠብ፣ የተባይ መድኃኒት መርጨት፣ ራሳችሁ የምትቀምሙትን የወለል ማጽጃ በጠርሙስ እያደረጋችሁ መሸጥ። የመጀመሪያው መልካም ነው፤ ነገር ግን ትልቅ ማጠቢያ፣ ሰፊ ማስጫና ማመላለሻ መኪና ይፈልጋል። እናንተ ያላችሁ አንድ ጋሪና የሻለቃ ትከሻ ነው። ሁለተኛውን ተዉት። ሳንባችሁ የለመደው በረኪና ይበቃዋል፤ መርዝ አንጨምርበት። ሦስተኛው ሚዛን ይደፋል። ማጽጃውን ስምንት ዓመት ሙሉ ለራሳችሁ ስትሠሩት ኖራችኋል፤ አዲስ የሚሆነው ጠርሙሱ ብቻ ነው።

ይሁንና የጎን ሥራው በማን ጉልበት፣ በየትኛው ሰዓት ይሠራል? ዋናውን ሥራ እንደግፋለን ስንል ዋናው እንዳይወድቅብን። ደግሞም ከገቢያችሁ ከሦስት ሁለት እጁ የሚመጣው ከአንድ ባለ ሰባት ፎቅ ሕንፃ ነው። የዚያ ውል መቼ እንደሚያልቅ በደብዳቤሽ ፈልጌ አጣሁት።

በመጨረሻ ያነሣሽውንም አልሸሸውም። ቀድሞ ለመራሁት መዝገብ ቤት ስለ ማጽጃው የድጋፍ ደብዳቤ እንድጽፍ ጠይቀሽኛል። አልጽፍም። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ለወንድምም ለአክስት ልጅም ጽፌ አላውቅም። ብዙ ዘመድ አኩርፎኝበታል፤ አሁን በስተርጅና አልጀምረውም።

አክባሪሽ ወንድምሽ


ጥቅምት 21

ይድረስ ለውድ ጋሼ፤

እንደምን ከርመዋል? ዘግይቼ በመመለሴ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለቱንም ጊዜ እንቅልፍ ወረቀቱ ላይ ደፋኝ። ከንጋቱ በፊት ተነሥታ ሰባት ፎቅ የወለወለች ሴት ከምሳ በኋላ ቁጭ ካለች አለቀላት።

ደብዳቤዎን ስናነብ እማዬ በሩ አጠገብ ወንበር ተደርጎላት ነበር። «የሻለቃ ትከሻ» የሚለው ጋ ስደርስ ሬዲዮ፣ ያቺ ሳይጠይቋት ዜና የምታነበው፣ «እሰይ! ትከሻዋም ንብረት ተብሎ ተመዘገበላት!» አለች። ሻለቃ ቀና ሳትል «ያንቺ ምላስ ቢመዘገብ ነበር የሚያዋጣን፤ ያለ እረፍት የሚሠራ እሱ ብቻ ነው» ብላ አስቀመጠቻት። እማዬ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

በማን ጉልበት ላሉት፣ በራሳችን ነው። ከሰዓት በኋላ ሻለቃ ትቀምማለች፤ እኔ፣ ሬዲዮና ዝምታ እንሞላለን። ዝምታ ማለት ያቺ ረጅሟ ናት፤ በሳምንት ሦስት ቃል ብትናገር ነው።

ቀመሩ የት እንደተጻፈ በላኩልኝ ቁራጭ ወረቀት ጠይቀውኛል። የትም አልተጻፈም፣ ጋሼ። ሻለቃ ከበርሜሉ ጠብታ ታወጣና በሁለት ጣቷ ታሸዋለች፤ ከዚያ «ውሃ» ወይም «ገና ነው» ትላለች። ስንወለውልም እንደዚያው ነው። ኖራና ዝገት የሚያነሣ ኃይለኛ ነገር ስላለበት ባልዲ ሙሉ ውሃ ውስጥ ትንሽ ጠብ እናደርጋለን። ምን ያህል ቢሉኝ አላውቅም፤ እጄ ግን ያውቃል። አዲስ ሴት ስትመጣ ሻለቃ እጇን ይዛ ታሳያታለች፤ በቃ፣ ተማረች ማለት ነው።

ስለ ደብዳቤው አልተቀየምኩም። ማለቴ፣ ትንሽ ተቀይሜ ነበር፤ አልፎልኛል።

ስለ ሕንፃው ውል በሌላ ጊዜ እጽፍልዎታለሁ።

ታናሽ እኅትዎ


ኅዳር 12

እኅቴ ሆይ፤

ያለ ቀን፣ ያለ ሰላምታ የላክሽው ግማሽ ገጽ ደረሰኝ። እስከ ዛሬ ከጻፍሽልኝ ሁሉ አጭሩ እርሱ ነው፤ እኔም ከሁሉ ይልቅ ደጋግሜ ያነበብኩት እርሱን ነው። የባለ ሰባት ፎቁ ባለቤት ውሉን እንደማያድስ፣ ጥር ሲያልቅ እንደምትወጡ፣ ይህን ለሠራተኞቹ እንዳልነገርሻቸው ተረዳሁ። ከአሥራ ሁለት ሴቶች አምስቱን እንድታሰናብቺ የሚያስገድድሽ ነገር መሆኑን አንቺ ባትጽፊውም ሒሳቡ ራሱ ይናገራል። «መልስዎን ለብቻዬ አነብባለሁ» ስላልሽ በማዕረግ ተራ አልጀመርኩም።

ሦስት ቀን አሰብኩ። ጠረጴዛዬ መስኮት ሥር ነው። ከመንገዱ ማዶ አንዲት ሴት በየጠዋቱ የሱቅ መስታወት ስትወለውል አያታለሁ። ጨርሳ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብላ ስታየው፣ አላፊ አግዳሚ ወደ ውስጥ ለማየት መዳፉን ያሳርፍበታል። እርሷም ምንም ሳትል ተመልሳ ያንኑ ቦታ ትወለውላለች። ድሮ ቢሮዬ ስገባ ወለሉ ለምን እንደሚያበራ ጠይቄ አላውቅም ነበር። ቀድሞ ብጠይቅ ይሻል ነበር።

ደብዳቤውን ጻፍኩት። ሦስት መስመር ነው። «የዚህን ምርት ጥራት አውቃለሁ፤ ስለ ሠሪዎቹ ታማኝነትም እመሰክራለሁ» ይላል። የተላከው ወንበሬን ለተረከበው ለቀድሞ ምክትሌ ነው። ያለፈውን እምቢታዬን ለሁሉም አንብበሽዋል፤ ይህን አታንብቢው። ምሥጢር ስለሆነ አይደለም፤ ስለማፍር ነው።

አንድ ነገር ስጨምር ግን ይቅርታ አድርጊልኝ። ለሴቶቹ ስለ ሕንፃው ንገሪያቸው። የሚመጣባቸውን ነገር እየደበቅን ሥራ አብዙ ማለት አይገባንም።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 3

ይድረስ ለውድ ጋሼ፤

እንደምን አሉልኝ? ደብዳቤዎ ከሚያስቡት በላይ ሠርቷል። መዝገብ ቤቱ ስልሳ ጠርሙስ ወሰደ፤ ደኅና ከሆነ በየወሩ እንደሚወስድ ነግረውናል። እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ስንት ዓመት የጠበቁትን ነገር ለእኔ ብለው እንደሰበሩት አውቃለሁ፤ ብዙ አልናገርም።

ስለ ሕንፃው ነገርሻቸው ወይ ላሉኝ፣ ነገርኳቸው። ከሁላችን መጨረሻ የተቀጠረችው ሦስት ልጆች ያሏት እናት ስለሆነች «መጨረሻ የገባው መጀመሪያ ይወጣል፣ አይደል?» ብላ ጠየቀችኝ። አይደለም ማለት ፈልጌ ነበር። «ማጽጃው ከተሸጠ ማንም አይወጣም» አልኳት። እንግዲህ ያቺን ቃሌን ተሸክሜ ነው የምሠራው።

ስሙን ማን አወጣው ብለው ለጠየቁኝ፣ እማዬ ናት። ሬዲዮ «መስታወት» ይባል አለች፤ ሻለቃ «ወለል እኮ ነው፣ አንቺ» አለቻት፤ ተጣሉ። እማዬ «እናንተ የምትሠሩት በንጋት፣ በቃ ንጋት በሉት» አለች። ጠርሙሱ ላይ ስሙ፣ ስልካችንና የምትወጣ ፀሐይ አለ። የማተሚያ ቤቱ ሰውዬ «እዚህ ጋ ቦታ ተርፏል፤ ሌላ የሚጻፍ ነገር የለም?» ቢለን ሻለቃ «እንግዲያው ፀሐይዋን አሳድጋት» አለችው። አሳደጋት። በጣም ታምራለች።

ድካሙን ግን አልደብቅዎትም። ጠዋት ሕንፃው፣ ከሰዓት በርሜሉ። ትናንት ሦስተኛ ፎቅ ላይ መወልወያዬን ተደግፌ ቆሜ ሳለሁ አንዱ ሠራተኛ «እሜቴ፣ ደኅና ነዎት?» አለኝ። እሜቴ! አርባ አራት ዓመቴ ነው። መስታወት ፈልጌ ሄድኩ።

ታናሽ እኅትዎ


ታኅሣሥ 23

ለተከበሩት እናታችን፣ ለሥራ አስኪያጇ፣ ለሻለቃና እንደየማዕረጋችሁ ለሁላችሁም፤

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። መዝገብ ቤቱ ለሁለተኛ ጊዜ ያላዘዘው ለምን እንደሆነ ጠይቃችሁኛል። ለጊዜው የምሰጣችሁ መልስ የለኝም። እስካሳውቃችሁ ድረስ አዲስ ጠርሙስ ለማንም እንዳትሸጡ ግን አጥብቄ እለምናለሁ።

እኔ ደኅና ነኝ። ብርዱ ጉልበቴን ይዞታል፤ ሌላ የሚወራ የለኝም።

ወንድማችሁ


ታኅሣሥ 23፤ ለብቻሽ

እኅቴ ሆይ፤

በአንድ ቀን ሁለት ደብዳቤ ስትቀበዪ ልብሽ እንደሚደነግጥ አውቃለሁ። የመጀመሪያው ለሁሉም የሚነበብ ነው። ይህን ግን በሠራተኞችሽ ፊት ጮክ ተብሎ ሊነበብብሽ የሚገባ ስላልመሰለኝ ለየሁት።

የቀድሞ ምክትሌ ባለፈው ሰኞ ቤቴ መጣ። ከጡረታዬ ወዲህ መጥቶ ስለማያውቅ ገና በሩ ላይ ሳየው ነገር እንዳለ ገባኝ። ብዙ ሳይናገር «ክቡርነትዎ፣ አብረን ብቅ ብንል» አለኝ። ሄድን። የመዝገብ ቤቱን ትልቅ የማንበቢያ አዳራሽ አታውቂውም፤ ወለሉ ነጭ እብነ በረድ ነው፤ የመስኮቶቹ ቅርጽ ይታይበት ነበር። አሁን ከመግቢያው እስከ መካከለኛው ዓምድ ድረስ ዓይኑ እንደ ጠፋ ሰው ደብዝዟል። ሰፋፊ ግራጫ ክቦች ጣል ጣል ብለውበታል። ጎንበስ ብዬ በጣቴ ዳሰስኩት። ሻክሯል።

ማጽጃው ውሃ ሳይነካው ነው የፈሰሰው።

የአዳራሹ ጽዳት ሠራተኛ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ነበር። እኔ በኃላፊነት ሳለሁ የተቀጠረች ናት፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች፤ ስሟን ግን ያን ቀን ነው የጠየቅሁት። ምክትሌ «ሳታነብ ትደፋዋለች» ሲለኝ እርሷ እጅዋን አጣምራ «አባቴ፣ ማንበብ እችላለሁ» አለችኝ። «ጠርሙሱን አገላብጬ አየሁት። ምን ያህል እንደሚደረግ ፈለግሁ። ፀሐይ ብቻ ናት ያለችው።»

አንድ ጠርሙስ አስመጥቼ እኔም አገላብጬ አየሁ። ፀሐይ ብቻ ናት ያለችው። እናንተ መጠኑን ከእጃችሁ ለይታችሁ ስለማታውቁት መጻፍ ያለበት ነገር መሆኑ ለአንዳችሁም አልታሰባችሁም። ሌላ ፋብሪካ ይህን ስሕተት አይሠራም። እንደ እናንተ እጁ ያልሠለጠነ ሰው ሁሉ ይለካል።

አሁን የሚያሳፍረኝን ልንገርሽ። ምክትሌ ወደ ጎን ወስዶኝ እንዲህ አለ፤ «ጉዳዩን በቀላሉ እንጨርሰዋለን። የአጠቃቀም ጉድለት ነው። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷታል፤ በመጪው ወር መጨረሻ ትሰናበታለች። የክቡርነትዎ ደብዳቤ አይነሣም፤ የእኅትዎ ድርጅትም አይነሣም፤ ትእዛዙም ጥቂት ቆይቶ ይቀጥላል።»

ምን ብዬ የመለስኩለት ይመስልሻል? «አመሰግናለሁ» አልኩት። ከአፌ የወጣው እርሱ ነው። ጨዋ ለመባል ስማር የኖርኩት ቃል ሳላዝዘው ወጣ። ከዚያ ቤቴ ገብቼ ሁለት ቀን ዝም አልኩ። ዝም ካልኩ ሥራችሁ ይተርፋል፤ የአምስቱ ሴቶች እንጀራ ይተርፋል፤ ስሜም ይተርፋል። የምትጠፋው አንዲት ሴት ናት፤ እርሷም የእናንተው ባልደረባ ናት፤ መወልወያ ነው የያዘችው።

በሦስተኛው ቀን ለምክትሌ «መልሴን ከጥር አጋማሽ በፊት እሰጣለሁ፤ እስከዚያ አትወስን» ብዬ ላክሁበት። በእኔ በኩል ልቤ የት እንዳለ ታውቂያለሽ። ነገር ግን ድርጅቱ ያንቺ ነው፤ ለዚያች የሦስት ልጆች እናት ቃል የገባሽውም አንቺ ነሽ። እኔ ከሩቅ ሆኜ በእናንተ እንጀራ ላይ ጨዋ መሆን አልፈልግም። የምትዪኝን እሰማለሁ።

ወንድምሽ


ጥር 2

ይድረስ ለጋሼ፤

ልታዘዝዎ ፈልጌ ነበር። «ለብቻሽ» ያሉትን ለብቻዬ አነበብኩና አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። በማግሥቱ ዕቃ ክፍል ስገባ ሻለቃ ቀና ብላ አየችኝ።

«ምን ሆነሻል? ፊትሽ ያልተጨመቀ ጨርቅ መስሏል።»

«ራሴን አሞኝ ነው።»

«ራሱን ያመመው ሰው ኪሱን አይደባብስም። አውጪው።»

አወጣሁት። ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለሁሉም አነበብኩት። «ፀሐይ ብቻ ናት ያለችው» የሚለው ጋ ስደርስ ሻለቃ ባልዲ ገልብጣ ተቀመጠች። በስምንት ዓመት ውስጥ በሥራ ሰዓት ስትቀመጥ ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

መጀመሪያ የተናገረችው ሬዲዮ ናት። «ቆይ፣ ማን ነው ደግሞ እንዳለ ወለል ላይ የሚደፋው? ይኼ እኮ ልጅም ያውቀዋል!»

«ማን ነገራት?» አለች ዝምታ። ሁላችንም ዞር አልን። «አንቺን ሻለቃ እጅሽን ይዛ አሳይታሻለች። እሷን ማን እጇን ያዘላት?»

ከዚያ በኋላ ብዙ ተባለ፤ ሁሉንም አልጽፈውም። ባለ ሦስት ልጆቿ ግን ያለችውን ልጽፍልዎት ይገባል፤ እውነት ስለሆነ። «እኔ ያቺን ሴት አላውቃትም» አለች። «ልጆቼን ግን አውቃቸዋለሁ። ዝም ካልን አንድ ሴት ትወጣለች፤ ከተናገርን አምስት እንወጣለን። እስቲ ቁጠሩት።» እኔም ሌሊት አልጋዬ ላይ ስቆጥረው ነው ያደርኩት፤ ሁልጊዜ አምስት ከአንድ ይበልጣል።

ሻለቃ ባልዲዋ ላይ እንደተቀመጠች ተናገረች። «እኔ ወደዚህ ሥራ ከመምጣቴ በፊት ላልሰበርኩት መስታወት ተባርሬያለሁ። አሳላፊው ነው የሰበረው፤ እኔ ነበርኩ አጠገቡ መጥረጊያ የያዝኩት። ከወጣሁ በኋላ ሥራ ፍለጋ በሄድኩበት ሁሉ ‹ያቺ መስታወት የሰበረችው› እየተባልኩ አራት ዓመት ዞርኩ። እናቴ እንኳን፣ ነፍሷን ይማር፣ አንድ ቀን ‹ለመሆኑ እውነት አልሰበርሽውም?› አለችኝ።» ከዚያ ወደ ባለ ሦስት ልጆቿ ዞራ፣ ሳትቆጣ፣ «አንቺን አልፈርድብሽም። አምስት ይወጣ ከተባለ ግን ከአምስቱ አንዷ እኔ ነኝ። ጣቴ ነው ያሳሳተን» አለች።

እማዬ «ለወንድምሽ ጻፊለት፤ ሁለት ቀን ዝም ብያለሁ ማለቱ ደግ ነው፤ ዳግመኛ ግን ዝም እንዳይል» ብላ ተነሣች።

ከዚህ ጋር አንድ ወረቀት አያይዣለሁ። «ማጽጃው ከውሃ ጋር እንዲቀላቀል፣ መጠኑም አንድ ክዳን ለአንድ ባልዲ መሆኑን በጠርሙሱ ላይ መጻፍ የነበረብን እኛ ነን፤ አልጻፍንም። የአዳራሹ ሠራተኛ ጥፋት የለባትም» ይላል። መጠኑን ለማወቅ ሻለቃን ሰባት ጊዜ በእጇ አስደፍተን በክዳን ለካነው፤ ሰባቱንም ጊዜ እኩል አንድ ክዳን ሆነ። አሥራ አንድ ሴቶች ፈርመዋል። ባለ ሦስት ልጆቿ አልፈረመችም፤ አላስገደድናትም፤ አልተቀየምናትም።

ወለሉን በእጅ ማለስለስ እንደሚቻል ሻለቃ ታውቃለች። እሷና ዝምታ ተነሥተዋል፤ እርስዎ ቤት ያርፋሉ። ይቅርታ፣ ሳልጠይቅዎ ነው። ዝምታ ብዙ አታስቸግርም። ሻለቃ ግን ቤትዎን ሳትነካ አትተወውም፤ አይከልክሏት።

እኅትዎ


የካቲት 1

ለተከበሩት እናታችን፤ ለሥራ አስኪያጇ ለእኅቴ፤ ለሻለቃና በሥራ ላይ ለቀራችሁት ለሁላችሁም፤ እንዲሁም ይህ ደብዳቤ ቤታቸው ድረስ ተወስዶ እንዲነበብላቸው ለምለምንላቸው ለተሰናበቱት ለአምስቱ፤

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። የሆነውን በሙሉ እንድነግራችሁ ጠይቃችኋል፤ እነሆ።

ወረቀታችሁን ይዤ ወደ ምክትሌ ሄድኩ። አንብቦ ጨረሰና ወንበር ሳይሰጠኝ «ክቡርነትዎ፣ ይህ ባይመጣ ይሻል ነበር» አለኝ። «ያለፈው ደብዳቤዬ ባይመጣ ነበር የሚሻለው» አልኩት። ማጽጃችሁን ዳግመኛ እንደማይገዙ በግልጽ ነገረኝ። ለሌሎችም መሥሪያ ቤቶች ነገሩ ሳይደርስ አይቀርም። የጠርሙሱ ሥራ፣ ቢያንስ ለጊዜው፣ እዚህ ላይ አብቅቷል፤ ይህን አለሳልሼ አልነግራችሁም።

ሻለቃና ዝምታ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ በጉልበታቸው ተንበርክከው በስስ ብርጭቆ ወረቀትና በውሃ ድንጋዩን አለሰለሱት። በሁለተኛው ቀን የአዳራሿ ሠራተኛ ራቅ ብላ ቆማ ስታያቸው ቆየችና «እናንተ ናችሁ የፀሐይዋ ባለቤቶች?» አለቻቸው። ሻለቃ «አዎ፣ እኛው ነን፤ ስደቢን» አለች። ሴትዮዋ አሰበችበት። «ስድቡን አዘጋጅቼ ነበር፤ ጉልበትሽን ሳየው ጠፋብኝ» አለችና ከጎኗ ተንበረከከች። ከዚያ ቀን በኋላ ሦስት ሆኑ። ሲሠሩ ስደርስባቸው ሻለቃ ጫማዬን አስወለቀችኝ፤ በገዛ አዳራሼ በካልሲ ቆምኩ። ወለሉ እንደ ቀድሞው አልሆነም። የሚያውቀው ሰው የት ጋ እንደደበዘዘ ያውቃል። ይሁን እንጂ የመስኮቶቹ ቅርጽ ተመልሶ ይታይበታል።

እኅቴ፣ ድርጅቱን ልዝጋው ወይ ብለሽ ጠይቀሽኛል። አትዝጊው። ደረጃቸውን እንድታጸዱላቸው ስለሚፈልጉት ዘጠኝ የመኖሪያ ሕንፃዎች የጻፍሽልኝን ደጋግሜ አየሁት። አንድ ትልቅ ደንበኛ ሲሄድ ሁሉም አብሮ ይሄዳል፤ ከዘጠኝ ትናንሽ አንዱ ቢሄድ ስምንት ይቀራል። ገቢን ማስፋት ሲባል ሁልጊዜ ሌላ ሥራ መጨመር ይመስለኝ ነበር፤ የምታውቁትን ሥራ ለብዙ በር ማድረስም ያው ነው። ደረጃ መውጣት ጉልበት እንደሚጨርስ አውቃለሁ። ከዚህ የተሻለ ምክር ባገኝ እሰጥሽ ነበር። ለዚያች ለሦስት ልጆች እናት የገባሽው ቃል አልተፈጸመም፤ ይህን ቀና ብለሽ ነግረሻታል መባሉን ሰምቼ አከበርኩሽ። ሻለቃም ከአምስቱ አንዷ ልሁን ብላ ስትሟገት እናታችን እንደገሠጸቻትና እንደቀረች ጽፈሽልኛል። እናታችንን ስለ እኔ እጅ ንሺልኝ።

ያንን የድጋፍ ደብዳቤ በመጻፌ ይቆጨኝ እንደሆነም ጠይቀሽኛል። ይቆጨኛል። ለእኅቴ በመጻፌ ግን አይደለም። «የዚህን ምርት ጥራት አውቃለሁ» ብዬ ፈረምኩ፤ አላውቀውም ነበር። አንድ ጠርሙስ እንኳን በእጄ ይዤ አላየሁም። ይዤው ቢሆን ፀሐይዋን ብቻ ባየሁ ነበር፤ የጎደለውን ለማየት የማንም ሰው ዓይን ይበቃ ነበርና። ሻለቃ ጣቷ እንዳሳሳታችሁ ተናግራለች። የእኔም ፊርማ አሳስቷል፤ የእርሷ ጣት ግን ቢያንስ እውነቱን ያውቅ ነበር።

የቀረችው የአዳራሿ ሠራተኛ ናት። ሥራዋ ላይ ናት፤ ስንብቱ ተሽሯል። ማስጠንቀቂያው ግን ከፋይሏ ውስጥ ነበረ። እንዲወጣላት ጠየቅሁ። ምክትሌ ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። «ወደ ሠራተኛ ፋይል የገባ ወረቀት አይወጣም፣ ክቡርነትዎ። ደንቡን ያወጡት እርስዎ ነዎት፤ ፊርማዎ አለበት።» እውነቱን ነው፤ እኔ ነኝ። ወረቀት እንዳይጠፋብኝ ብዬ ያወጣሁት ደንብ ነው፤ ማን ላይ እንደሚያርፍ አላሰብኩም ነበር።

«መጨመርስ ይቻላል?» አልኩት።

«መጨመር ይቻላል።»

የእናንተን ወረቀት ከማስጠንቀቂያው በላይ አስቀመጥን። በላዩ ደግሞ እዚያው ቆሜ የጻፍኳቸውን ሁለት መስመሮች ጨመርኩ፤ «ጥራቱን አውቃለሁ ብዬ የፈረምኩት ሳላውቅ ነው። ጥፋት የለባትም።» ስሜንና የቀድሞ ማዕረጌን በሙሉ ጻፍኩበት። እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ የዚያችን ሴት ፋይል የሚከፍት ሁሉ ስለ እርሷ አንድ ቃል ከማንበቡ በፊት ስለ እኔ ያነብባል።

ለአሥራ አንድ ቀን ለተንበረከኩት፣ ስማቸውን ለፈረሙት፣ ልጆቿን አስባ ላልፈረመችውም፣ በሩ አጠገብ ተቀምጠው ላደመጡን እናታችንም ከልብ የመነጨ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። በዘጠኙም ደረጃ ለምትወጡት ጉልበቱን፣ ሌላ በር ለምታንኳኩት ለአምስታችሁም መልካም ቀጣሪ እመኝላችኋለሁ። ሥራችሁ የተቃና፣ ድካማችሁም ዋጋ ያለው ይሁን።

አክባሪያችሁ